ላንካስተር እየተማርኩ፣ ሞርካም እየኖርኩ

ወደ እንግሊዝ ለትምህርት ሊመጡ የተዘጋጁ ልጆች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ስለ ቪዛ ይጠይቁኛል። ስለ ስኮላርሺፕ፣ ስለ ባንክ ስቴትመንት፣ አይልትስ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቁኛል። ስለ ቤት ግድግዳ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። ያንን ዓመት ምን አከበደብሽ ብትሉኝ እኔን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ግድግዳው ነው። ስለዚህ ያልተጠየቅኩትን ልጻፍ።

የመጣሁት መስከረም 2016 ነው፤ በፈረንጆቹ 2023 መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽን ባሕር ዳር ከቤተሰቤ ጋር ዋልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ላንካስተር ባቡር ጣቢያ ሁለት ሻንጣ ይዤ ቆምኩ። ላንካስተር ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የከተማነት ማዕረግ ያገኘችው በፈረንጆቹ 1937 ነው። ነዋሪዋ 50 ሺህ ገደማ ነው። ኮረብታዋ ላይ ትልቅ የድንጋይ ግንብ አለ፤ እስከ ፈረንጆቹ 2011 ድረስ እስር ቤት ነበር። ከግንቡ በታች የሉን ወንዝ ይፈሳል። በግማሽ ቀን በእግሬ ዞሬ ጨረስኳት።

ዩኒቨርሲቲው ከመሐል ከተማው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ቤይልሪግ የሚባል ቦታ ላይ ነው። ግቢውን የሚያገናኘው ዋናው የእግር መንገድ ጣሪያ አለው። ለምን ጣሪያ እንዳስፈለገው በሁለተኛው ቀን ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ገባኝ። ቤተ መጻሕፍቱ መሐል ላይ እውነተኛ ዛፍ ቆሟል። ፋይከስ ነው፣ የእኛ ዋርካ ዘመድ። ባሕር ዳር ዋርካ ሥር ያላደገ ማን አለ? ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዓመቱን ሙሉ መቀመጫዬ እሱ አጠገብ ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልግባ። ግቢ ውስጥ ያለው ማደሪያ ተወደደብኝ። አንድ ሰው “ሞርካም ርካሽ ነው” አለኝ። ሞርካም ከላንካስተር በባቡር 10 ደቂቃ ያህል የምትርቅ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ድሮ የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኞች በጋ ላይ የሚዝናኑባት ነበረች። ኋላ ሰው በአውሮፕላን ወደ ስፔን መሄድ ሲጀምር እንግዳው ቀረ። የእንግዳ ማረፊያ የነበሩት ረጃጅም ቤቶች ብዙዎቹ እየተከፋፈሉ የኪራይ ክፍል ሆኑ። እኔም ከእነዚያ በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በወር 390 ፓውንድ አንድ ክፍል አገኘሁ። ያየሁት በቀን ነው። ፀሐይ ነበረ። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ያሳያል። አከራዩ የአንድ ወር ኪራይና ሌላ 390 ፓውንድ ዲፖዚት፣ ማለት ስወጣ የሚመለስ መያዣ፣ በጥሬ ገንዘብ ጠየቀኝ። ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ልጠይቀው አሰብኩና ይሉኝታ ያዘኝ። ያላመንኩት እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ያ ይሉኝታ ስንት ነገር እንዳስከፈለኝ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ፤ እኔ አልሠራሁትምና። በዚያ ጊዜ የአውቶቡስ የአንድ ጉዞ ጣሪያ 2 ፓውንድ ነበር። ደርሶ መልስ 4፣ በሳምንት አምስት ቀን 20፣ በወር 80 ፓውንድ። ከሞርካም ግቢው ድረስ መሐል ከተማውን አቋርጦ ስለሚሄድ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስድብኛል። መብራቱ ደግሞ በካርድ ቆጣሪ ነበር። አገር ቤት የለመድነው ዓይነት ነው፤ ማዕዘን ላይ ያለው ሱቅ ሄዳችሁ ታስሞላላችሁ። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቅዝቃዜው ሲገባ ቆጣሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ኅዳር ላይ 10 ፓውንድ ሞልቼ ሦስት ቀን አልቆየልኝም። ርካሹ ቤት ከግቢው ክፍል ምንም አልረከሰም። ቤት ስታዩ የኪራዩን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። መብራቱ በምን ይከፈላል? ማሞቂያው በጋዝ ነው በኤሌክትሪክ? የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ላይ ነው? እነዚህን ጠይቁ።

እንዲህ ስል ግን ሞርካምን አትጥሉብኝ። ውብ ናት። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ይታያሉ። በፈረንጆቹ 1933 የተሠራው ነጩ ሚድላንድ ሆቴል አሁንም ባሕሩ ዳር ቆሟል። ስሙን ከከተማዋ የወሰደው የኮሜዲያኑ ኤሪክ ሞርካም ሐውልትም አለ፤ ሰው ሁሉ አጠገቡ አንድ እግሩን አንሥቶ ፎቶ ይነሣል።

ባሕሩን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እባካችሁ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ባሕሩ የለም። ትናንት ማታ የባሕሩን መከላከያ ግንብ ሲመታ የነበረው ውኃ ሄዷል። እስከ አድማስ አሸዋ ብቻ ነው። እኔ ጣና ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። ጣና እንዲህ አይሄድም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩና ወደ ውስጥ መሄድ ጀመርኩ። አሸዋው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እየለሰለሰ መጣ። እግሬን ሳነሣው ሳብ አድርጎ ይለቀኛል። ያን ጊዜ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ውሻ የያዙ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እያወዛወዙ ይጠሩኛል። ተመለስኩ። ተቆጡኝ፤ ልክ እንደ አባት ነው የተቆጡኝ። አሸዋው ሰው እንደሚውጥ ነገሩኝ። ውኃው ሲመለስ ከፊት ብቻ አይመጣም፣ በጎን ባሉት ቦዮች ዞሮ ከኋላ ይከብባል አሉኝ። ከጥንት ጀምሮ ሰው በአሸዋው ላይ የሚያሻግር በንጉሥ የሚሾም መሪ አለ፤ ያለ እሱ የአገሩ ሰው እንኳ አይሻገርም አሉ።

ከዚያ በፈረንጆቹ 2004 ስለሆነው ነገሩኝ። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ውስጥ፣ ሌሊት፣ ቻይናውያን ሠራተኞች ከዚሁ አሸዋ ላይ ዛጎል ሲለቅሙ ውኃው ደርሶባቸው ቢያንስ 21 ሰው ሞተ። ሰው ያሠማራቸው ድሆች ነበሩ። ቋንቋውን አያውቁም፣ ባሕሩንም አያውቁም፣ “አይሆንም” ለማለትም አቅም አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት ሠራተኛ አቅራቢዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማያውቁት አገር ሄዶ የታዘዙትን እሺ ማለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል እያሰብኩ አደርኩ።

ይህን አስቤ ያደርኩ ሰው ወር ሳይሞላ የራሴን እሺ አልኩ። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ አግኝቼ ነበር። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ማጠብ፣ ማብላት፣ ማጫወት እኛ ስናይ ያደግነው ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ 10፣ 10 ሰዓት እሠራለሁ። ይህ ልክ 20 ሰዓት ነው፤ የተማሪ ቪዛዬ በትምህርት ጊዜ የሚፈቅደውም ይኸው ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ኃላፊዬ ደውላ “ሰው ቀርቶብናል፣ አንድ ሌሊት ጨምሪልን” አለችኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ያሰብኩት በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን እቀንስና ይካካሳል ብዬ ነው።

ያዳነችኝ አንዲት ናይጄሪያዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሻይ ክፍል ውስጥ ስነግራት ኩባያዋን አስቀመጠች። “ሳምንቱን ከየት እስከ የት ነው የምትቆጥሪው?” አለችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። ሳምንት ማለት ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ማካካስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሳምንት 30፣ ሌላውን 10 ብትሠሩ 30 የሠራችሁበት ሳምንት ጥሰት ነው፤ ቪዛችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። እዚያው ሆኜ ደወልኩና አልችልም አልኩ። ኃላፊዬ ተናደደች። ለሁለት ሳምንት ፊቷን አጠቆረችብኝ። ከዚያ አለፈ። ማንም ፊት ቢያጠቁርባችሁ ከቪዛችሁ አይበልጥም። የማስተርስ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ጨምራችሁ ያዙ፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፣ ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል። እናንተ ግን መመረቂያ ጽሑፋችሁን እየሠራችሁ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለእናንተ ያ የትምህርት ጊዜ ነው። 20 ሰዓቱ ይቀጥላል። በሰው ወሬ አትሂዱ፤ ዩኒቨርሲቲያችሁን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

ታኅሣሥ ገባ። እዚያ በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጠዋት ስወጣ ጨለማ፣ ስመለስ ጨለማ። ከሌሊት ሥራ የምመለስ ቀን ደግሞ የቀኑን ብርሃን ተኝቼ አሳልፈዋለሁ። የክፍሌ ግድግዳ በመስኮቱ በኩል መጥቆር ጀመረ። መጀመሪያ እንደ በርበሬ ፍሬ ትናንሽ ነጥቦች ነበሩ። ጠረግኩት። በሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ አልጋዬ ራስጌ ደረሰ። ነጠላዬን ከሻንጣ ሳወጣው ሻጋታ ሸተተኝ። ማሳል ጀመርኩ።

እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን የምይዘው በበሩ በኩል አድርጌ ነው። ደረቅ የነበረው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። “ቤትሽ ያምራል” ትለኛለች። “አዎ እማዬ” እላለሁ። “ከሳሽ ሳ?” ትላለች። “ካሜራው ነው” እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ያ ሁሉ ሰው አልቅሶና ደስ ብሎት ሸኝቶኝ፣ አጎቴ በሬ ሸጦ ለቲኬቴ ጨምሮልኝ፣ እንዴት ብዬ ከፋኝ እላለሁ?

የመጀመሪያው ጽሑፌ ውጤት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። 44። የማለፊያው 50 ነው። እኔ ባሕር ዳር በማዕረግ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። አስተያየቱን ሳነብ አስተማሪው “የአንቺ ክርክር የት አለ?” ብሎ ጽፏል። እኔ ያነበብኳቸውን ሊቃውንት በትክክል ነው ያስቀመጥኩት። እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት እንዲህ ትላለች። መጽሐፍ የጻፈን ሰው “እዚህ ጋ ተሳስተሃል” ማለት ድፍረት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። ከሁለቱ ማን ትክክል ነው? ለምን? ማስረጃው አገርሽ ላይ ይሠራል? ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ለተማሪ የተመደበ ሰዓት አላቸው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልሄድኩም። ደካማ ነች እንዳይሉኝ ነው።

ገና በዚያ ዓመት እሑድ ዋለ። ቅዳሜ ሌሊት ሥራ አድሬ ጠዋት ወደ ክፍሌ መጣሁ። መብራቱ አልቋል። ሱቁ ገና አልተከፈተም። ካፖርቴን እንደለበስኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በስልኬ ከአገር ቤት የቅዳሴ ድምፅ ከፈትኩ። ባትሪው 6 በመቶ ነበር። ስልኩ ሲጠፋ ከዚያ መነሣት አቃተኝ። ረቡዕ ማስገባት የነበረብኝን ጽሑፍ አላስገባሁም። ሐሙስ ክፍል አልሄድኩም። ዓርብም አልሄድኩም።

ሰኞ ከአስተማሪዬ አጭር ኢሜይል መጣ። “አላየሁሽም። ደኅና ነሽ? ነገ ቢሮ ነኝ።” ይኸው ነው። ሄድኩ። ገና ስቀመጥ ስለ ጽሑፉ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን “የት ነው የምትኖሪው? እንቅልፍ ትተኛለሽ?” አለኝ። ስለ ግድግዳው ነገርኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጨለማው፣ ስለ እናቴ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተገረመም። ስልኩን አንሥቶ ተማሪ የሚረዳውን ክፍል እዚያው ቀጠረልኝ። ከዚያ የተናገረው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። “ቀኑ ከማለፉ በፊት አንድ መስመር ብትጽፊልኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት በቀላሉ ይጨመርልሽ ነበር” አለኝ። ካለፈ በኋላ ግን የሐኪም ወረቀት፣ ቅጽ፣ ኮሚቴ መጣ። በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። እናንተ ግን ቀኑ ከማለፉ በፊት ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል።

ሐኪም ጋ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። ጂፒ የሚባለው የሰፈር ሐኪም ዘንድ በመጀመሪያው ሳምንት መመዝገብ ነበረብኝ። ገንዘብ ያስከፍላል ብዬ አራት ወር ቆየሁ። ቪዛ ስናወጣ የጤና ክፍያውን አስቀድመን ከፍለናል እኮ! ሐኪሟ ደሜን አስመረመረች። ቫይታሚን ዲ በጣም ወርዷል አለችኝ። ድብርትም እንደያዘኝ በግልጽ ነገረችኝና ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ጋ ላከችኝ። የአገሪቱ ጤና አገልግሎት በእነሱ መጸውና ክረምት፣ ፀሐይ በሚጠፋባቸው የብርድ ወራት፣ ሁሉም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ እንዲወስድ ይመክራል። እንደ እኛ ቆዳው የጠቆረ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንዲወስድ ያስቡበት ይላል። ከሱፐርማርኬት በጥቂት ፓውንድ ትገዙታላችሁ። ድብርት የሃይማኖት ድክመት ወይም ስንፍና አይደለም። ጸሎቴን አልተውኩም፤ ክኒኑንም ምክሩንም ወሰድኩ።

የካቲት ላይ የባቡር ቅናሽ ካርድ አወጣሁ። ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ ይባላል እንጂ ከዚያ በላይ ሆናችሁ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆናችሁም ይሰጣችኋል። ከትኬቱ ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሳል። ማንቸስተር ከላንካስተር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ አበሾች አገኘሁ። እንጀራ ገዛሁ። አንዲት እናት ቤታቸው ወስደው ቡና አፈሉልኝ። በአማርኛ ጮክ ብዬ ስስቅ ድምፄን ለረጅም ጊዜ እንዳልሰማሁት ገባኝ። በወር አንዴ ብትሄዱ ትልቅ ነገር ነው። “ገንዘብ ልቆጥብ” ብላችሁ አትቅሩ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ውሌ ሲያበቃ ላንካስተር ውስጥ ተማሪዎች የሚኖሩበት ቤት ገባሁ። አከራዩ ዲፖዚቴን አልመልስም አለ። “ግድግዳውን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ መስኮት አትከፍቺም” አለኝ። እንደ ድሮዬ ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የተማሪዎች ማኅበር ምክር ክፍል ሄድኩ። ሕጉን ያኔ ነው ያወቅኩት። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የሚያከራይ ሰው ዲፖዚቱን በ30 ቀን ውስጥ በመንግሥት በጸደቀ የጥበቃ ድርጅት ማስቀመጥ አለበት። ካላስቀመጠ ፍርድ ቤት ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ መያዝም አይችልም። አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ከተከራያችሁ ግን ዲፖዚቱን በጥበቃ ድርጅት የማስቀመጡ ግዴታ አይሠራም፤ ይህን ለይታችሁ እወቁ።

ችግሬ ደረሰኝ አለመኖሩ ነበር። ደግነቱ ገንዘቡን የሰጠሁት ቀን “ብሩን ስለተቀበልከኝ አመሰግናለሁ” ብዬ መልእክት ልኬለት፣ እሱም “እሺ፣ ደርሶኛል” ብሎ መልሶ ነበር። ምክር ክፍሉ ያንን መልእክት አባሪ አድርጎ ደብዳቤ እንድጽፍ ረዳኝ። በ11ኛው ቀን 390 ፓውንዱ አካውንቴ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የገባችሁ ቀን እያንዳንዱን ግድግዳ በስልካችሁ አንሡ። ፎቶውን ለአከራዩ ላኩት። ገንዘብ በባንክ ብቻ አስተላልፉ።

በጋው ሲመጣ አገሩ ሌላ ሆነ። ሰኔ ላይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው። ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ከላንካስተር ወደ ሞርካም የድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ ሜዳማ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ከሉን ወንዝ በድልድይ ትሻገሩና ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዋርካዬ ሥር ጽፌ ስጨርስ ወደ ባሕሩ እሄዳለሁ። ድንጋዩ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አያለሁ። እናቴን በቪዲዮ ደውዬ ካሜራውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ አዞርላታለሁ። ስለ ክረምቱ የነገርኳትም እዚያ ተቀምጬ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና “ለምን ያኔ አልነገርሽኝም፣ ልጄ?” አለች። መመረቂያ ጽሑፌን ጳጉሜን ላይ አስገባሁ። 67 አገኘሁ።

በመስከረም አንዲት የጎንደር ልጅ መጣች። ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኳት። ብርድ ልብሴን፣ ድስቴንና የተረፈኝን ሽሮ ሰጠኋት። በማግስቱ “ሞርካም ርካሽ ክፍል አይቻለሁ፣ ዛሬ ካልከፈልሽ ያመልጥሻል ብለውኛል” አለችኝ። አብረን ሄድን። ቤቱ ባሕሩ ዳር ነው፣ ቀለሙ አዲስ ነው። የሚያሳየን ሰውዬ ስለ መስኮቱ ሲያወራ እሷ አልጋውን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አደረገችው። መዳፏን ከኋላው አስገብታ ዳሰሰች። እጇን አውጥታ አሳየችኝ። እርጥብ ነበር። “አመሰግናለሁ፣ አይሆነኝም” አለችው በእንግሊዝኛ። ደረጃውን ወረድን።